የፈረሰው ገደል ጥላ

ይህን የምነግራችሁ እንደ ሰማሁት ነው። የጨመርኩበት ቢኖር ጥቂት ነው፤ የቀነስኩት ግን የለም።

ከተራሮች ማዶ ወንዝ ለሁለት የከፈላት አንዲት አገር ነበረች። ስም ነበራት፤ ነገር ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጠራት ሰው ስላልነበረ ስሟ ከጊዜ ብዛት ጠፋ። ጎረቤቶቿ የሹክሹክታ አገር ይሏት ነበር።

በዚያች አገር ሰው ከትንፋሽ በላይ አይናገርም። አንጥረኛ መዶሻውን በቆዳ ይጠቀልላል። አህያ ከበረት ስትወጣ አፏ ይታሰራል፤ ዶሮ የሚያረባ ሰው ቢኖር እንኳ አውራውን አያሳድግም። ሴት የምትወልደው ከከተማው ውጭ መሬት ተቆፍሮ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው፤ ሕፃኑም ማልቀስ እስኪተው ከዚያ አይወጣም። ሰው ሲሞት ዘመዶቹ ሙሾ አያወርዱም፤ በመቃብሩ ዙሪያ ቆመው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ እንባቸው እስኪደርቅም አይዘጉትም። ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ አፍና ጆሮ ገጥመው ስለሚነጋገሩ፣ እንግዳ ሰው ሲያያቸው አገሩ በሙሉ የሚሳሳም ይመስለዋል።

ይህን ሥርዓት የሚያስጠብቅ ሹም ነበር፤ የጆሮ ሹም ይባላል። በዚያ ዘመን ሹመቱን የያዘው ሽባባው የሚባል ሰው ነበር። ሽባባው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልብሱ ንጹሕ፣ እርምጃው ቀስ ያለ፣ የታዘዘውን ሳያጓድል የሚፈጽም ሰው ነበር። ሥራው ውሃ የተሞላ ሳህን ይዞ ከሰፈር ሰፈር መዞር ነው። ሳህኑን በርጩማ ላይ ያስቀምጥና ጎንበስ ብሎ ውሃውን ያያል። ውሃው ከተንቀጠቀጠ በአካባቢው ድምፅ ያወጣ ሰው አለ ማለት ነው። ጥፋተኛው ተፈልጎ ይያዝና እንደ ጥፋቱ መጠን ለሦስት ቀን ወይም ለሦስት ሳምንት በአፉ ጠጠር ይዞ እንዲኖር ይፈረድበታል። አንድ ሰው ውሃውን ያንቀጠቀጠው ነፋስ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር ይባላል። ክርክሩ ራሱ ድምፅ ስለነበረው ጠጠሩ ሁለት ሆነበት።

ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የአገሪቱ ሰዎች ቃሉ ይሉታል። በየቤቱ መቃን ላይ ተቀርጿል፤ "ከገደሉ ሥር ስትሆኑ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ" ይላል።

በጥንት ዘመን ከከተማው በስተምዕራብ ትልቅ ገደል ነበር። መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው በገደሉ ግርጌ የሚያልፍ መንገደኛ ብቻ ነበር። ኋላ የተነሡ ሊቃውንት ግን "ከገደሉ ሥር ማለት እስከ የት ነው?" ብለው ጠየቁ። ከብዙ ክርክር በኋላ የገደሉ ጥላ የደረሰበት ሁሉ ከገደሉ ሥር ነው ተባለ። ጥላው በቀትር መንገዱ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገበያውን ይሸፍናል፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንዙን ተሻግሮ እመጨረሻው ማሳ ይደርሳል። ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ደግሞ ሰው በየሰዓቱ ጥላ ሲለካ ሥራ ይፈታል፤ ስለዚህ ጥላው አንድ ጊዜ የነካው ቦታ ሁልጊዜ እንደነካው ይቆጠር ሲል ወሰነ። ጥላው በዓመቱ ውስጥ ርቆ በሄደበት ድንበር ላይ ነጭ ድንጋዮች ተተከሉ። ከነጭ ድንጋዮቹ ወዲህ ያለው በሙሉ፣ ቤቱም፣ ማሳውም፣ መኝታውም፣ ከገደሉ ሥር ሆነ።

ከዚያ በኋላ ገደሉ ፈረሰ። አንድ ክረምት ከነቁመናው ወርዶ መንገዱን ዋጠው፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ቃል ጠባቂዎች የሚባሉት የቃሉ ሊቃውንት ድንጋዩን አስፈልጠው የጉባኤ አዳራሽ ሠሩበት፤ የተረፈው ለአጥር ሆነ። ገደሉ የነበረበት ቦታ ዛሬ ሜዳ ነው፤ ሽንብራ ይዘራበታል። ነጮቹ ድንጋዮች ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። እንግዳ መጥቶ "ገደሉ የቱ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ጆሮው ላይ ጠጋ ብለው "እዚህ ነበር" ይሉታል። እሱም ያኔ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ገደሉ ከፈረሰ ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ በዚያች አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ከወንዙ ዳር ቃጫ እየፋቀች ገመድ ትገምዳለች። ወላጆቿ በልጅነቷ ስለሞቱ ታናሽ ወንድሟን ደምለውን ያሳደገችው እሷ ናት። ደምለው ወንዙ መካከል በተኛው ደለል ላይ ሽንኩርት ያለማል። ጨዋታ ወዳድ ነበር፤ እህቱን ለማሳቅ ጆሮዋ ላይ ረጃጅም ውሸት ያንሾካሹክላትና፣ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በነጠላዋ ስታፍን እያየ ይደሰታል።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ሰማዩ ከከተማው በላይ ጥርት ብሎ ሳለ፣ በደጋው የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መጣ። መጀመሪያ ያየው የላይኛው መሻገሪያ ጠባቂ ቢተው ነው። ቢተው ሕግ የሚያውቅ ሰው ነበር። መሮጥ ድምፅ አለውና አልሮጠም። በጣቶቹ እየረገጠ፣ በፍጥነት እየተራመደ ወረደና በደለሉ ላይ ወደተበተኑት ሠራተኞች ገባ። እያንዳንዱ ጋ እየደረሰ፣ በጆሮው "ጎርፍ መጥቷል፤ ውጣ" እያለ አለፈ። አሥራ አንድ ሰው ነገረ። ከአሥራ አንደኛው ቀጥሎ ደምለው ነበር።

አንጓች ዳር ላይ ቃጫ ስታሰጣ ውሃው መታጠፊያውን ዞሮ ሲመጣ አየችው። ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቷት ጎንበስ ብሎ አረም ይነቅላል። አፏን ከፈተች። ስሙ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ ነገር ግን በሕይወቷ ሙሉ እዚያ ስታስቀረው የኖረችው ድምፅ ያን ቀንም እዚያው ቀረ። ነጠላዋን እያውለበለበች ዘለለች። ደምለው ቀና አላለም። ውሃው እሱንና አራት ሰዎችን ይዞ ሄደ።

ቀብሩ ላይ ሰዎቹ እንደ ልማዱ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። የጆሮ ሹሙ ሽባባው ሳህኑን በመቃብሮቹ መካከል አስቀምጦ ብዙ ጊዜ ተመለከተ። ውሃው አልተንቀጠቀጠም። ቀብሩ ሲያበቃ ወደ ዘመዶቹ እየቀረበ በየጆሯቸው ሟቾቹን አመሰገነ። ወደ አንጓች ሲደርስ እንዲህ አላት፦

"ወንድምሽ ውሃው ሲወስደው እንኳ አልጮኸም። ስሙ በዘንድሮው መዝገብ ከንጹሐኑ ጋር ይጻፋል።"

"ጌታዬ፣ ቢተው ከላይ ሆኖ ቢጮኽ ኖሮ ወንድሜ ይተርፍ ነበር?" አለችው በሹክሹክታ።

ሽባባው ሐሰት የሚናገር ሰው አልነበረም። "ይተርፍ ነበር" አለ። "ግን በድምፅ የተረፈ ሰው ሆኖ ምን ይኖራል?"

አንጓች ወደ ቤቷ ገብታ ሦስት ቀን ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ጠዋት አንድ ቂጣና አንድ ቅል ውሃ ይዛ ወጣች። ነጭ ድንጋዮቹን አልፋ ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዘችና ሰው የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ገባች። እዚያ ቆማ የወንድሟን ስም ለመጥራት ሞከረች።

መጀመሪያ የወጣው አየር ነበር። ቀጥሎ ሳል ወጣ። ጉሮሮዋ ደማ። በማግስቱ ተመልሳ ሄደች፤ በሳምንቱም እንዲሁ። ገመዷን በማለዳ ተነሥታ ትጨርስና ትሄዳለች። በሦስተኛው ሳምንት ከውስጧ አንድ ነገር ወጣ፤ ሻካራ፣ ከሴት ይልቅ የከብት የሚመስል ድምፅ። ሸለቆው ተቀብሎ መለሰላት። አንጓች በሕይወቷ የራሷን ድምፅ ሰምታ ስለማታውቅ፣ ሌላ ሰው ያለ መስሏት ዞረች።

በእርግጥም ሰው ነበር። ቢተው ከኋላዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከጎርፉ ቀን ጀምሮ ሥጋው አልቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር።

"ተከትዬሽ ነው የመጣሁት" አላት። "ልከስሽ አይደለም። አሥራ አንድ ሰው ነግሬያለሁ፤ ሰዎች እግዜር ይስጥህ ይሉኛል። እኔ ግን የምቆጥረው አምስቱን ነው።"

"አንተ እግር ነበረህ፣ እኔ ጉሮሮ ነበረኝ" አለችው። "ሁለታችንም አልተጠቀምንበትም። ና፣ እዚህ ቁም፤ መጀመሪያ ትንፋሽህን ከሆድህ ሳበው።"

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ይመጡ ነበር።

ነገር ግን አንጓች ጩኸት ብቻውን እንደማይበቃ ታውቃለች። ብትጮኽ፣ ሕዝቡ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ጩኸት ርኩስ መሆኑን ነው፤ ፈርቶ ይቆማል እንጂ አይሸሽም። ስለዚህ ወደ ቃል ጠባቂዎቹ አለቃ ወደ አባ ዘርጋው ሄደች። አባ ዘርጋው ወደ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው። ቃሉን ከነሙሉ ይዘቱ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው ይባላል፤ ከሳቸው በፊት የነበረው አለቃ በጆሯቸው ነግሯቸው ነው የሞተው።

ደጃፋቸው ላይ አገኘቻቸው። "አባ፣ ቃሉ እዚያ ላይ ያበቃል?" አለቻቸው።

"ለምን ጠየቅሽ?"

"ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ ይላል፤ ለምን እንደሆነ አይልም። እናቴ ልጅ ሳለሁ ወደ ጉድጓዱ አትቅረቢ ስትለኝ፣ ትገቢያለሽና ብላ ትጨምር ነበር። መሥራቾቻችን ከእናቴ ያነሰ ይወዱን ነበር?"

አባ ዘርጋው በሩን ዘጉ። አንጓች በማግስቱ መጥታ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጠች። ቃጫዋን ይዛ መጥታ ስለነበር እዚያው ገመዷን ትገምዳለች። በሦስተኛው ቀንም፣ በዐሥረኛውም መጣች። አባ ዘርጋው ሲወጡ እግሯን ሰብስባ ታሳልፋቸዋለች፤ ሲመለሱም እንደዚያው። አንዳች አትጠይቃቸውም። በሃያኛው ቀን አጠገቧ ተቀመጡ።

"ቃሉ ሁለት ክፍል አለው" አሏት። "ትእዛዙና ምክንያቱ። ትእዛዝ የሰማ ይታዘዛል፤ ምክንያት የሰማ ግን ይመዝናል። ሁሉ ሰው ከመዘነ አገር አይቆምም ብለው አባቶቻችን ምክንያቱን ከሕዝብ ለዩት።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"ገደሉ ሲፈርስ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ ነጋዴ በቅሎው እንቢ አለችውና ጮኸባት። እናቴ ከታች እንጨት ትለቅም ነበር። ድንጋዩ መውረድ ሲጀምር ቀና ስትል አይቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የማየው እሷን ነው። ልጄ፣ ዝምታን በሕዝቡ ላይ ያጸናሁት ስለፈራሁ እንጂ ከማንም በልጬ ስላወቅሁ አይደለም።"

አንጓች ገመዷን አስቀመጠች። "እኔም ፈርቻለሁ፤ እንደ እርስዎ። ፈርቼ ዝም ስል ወንድሜ ሞተብኝ።"

አባ ዘርጋው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው ሙሉውን ነገሯት። "ከገደሉ ሥር ስትሆኑ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ድንጋዩ ልቅ ነውና፣ ወንድማችሁም ከታች አለና።"

አንጓች ብድግ አለች፤ መልሳም ተቀመጠች። ወደዚያ ደጃፍ ስትመጣ ቃሉን ልትጥለው ቆርጣ ነበር የመጣችው። ውሸት ሆኖ ብታገኘው ይቀላት ነበር።

"ቃሉ የወንድሜ ወገን ነበር" አለች በመጨረሻ። "ለሱ ሲባል የተነገረ ነበር። እኛ ግን በሱ ላይ አዋልነው።"

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ሙሉውን እናገረዋለሁ።"

"ጠጠር ያጎርሱሻል።"

"እሱን ያኔ አየዋለሁ" አለችና ገመዷን ሰብስባ ሄደች።

በየዓመቱ በኅዳር ወር የቃል ቀን ይከበራል። ሕዝቡ በአዳራሹ ፊት ባለው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሰባቱ ቃል ጠባቂዎች ደረጃው ላይ ወጥተው ቃሉን በከንፈር ብቻ ያነባሉ፤ ሕዝቡም በከንፈሩ ይከተላቸዋል። በመካከላቸው የሽባባው ሳህን አለ። ያን ዓመት ከንፈሮቹ ሁሉ "ዝቅ አድርጉ" ላይ ደርሰው ሲዘጉ፣ አንጓች ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ደረጃው ሥር ቆመች። አልጮኸችም። ሰው ከሰው ጋር እንደሚነጋገር ባለ ድምፅ፣ አጥርታ፣ "ድንጋዩ ልቅ ነውና፣ ወንድማችሁም ከታች አለና" አለች።

ውሃው ከሳህኑ ጠርዝ ፈሰሰ። ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ወደ ኋላ አለ። ጆሮውን የያዘ ነበር፤ መሬት የተቀመጠም ነበር። ከቃል ጠባቂዎቹ አንዱ ወደ አባ ዘርጋው ዞሮ በዓይኑ "ሐሰት ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። አባ ዘርጋው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሐሰት አይደለም።

ሽባባው ጠጠሩን አስመጣና ወደ አንጓች ዘረጋው።

"አልይዝም" አለች።

በዚያች አገር ታሪክ ጠጠር አልይዝም ያለ ሰው አልነበረም። ሹማምንቱ መዝገብ አስወጥተው ቅጣትን እንቢ ላለ ሰው የተጻፈ ቅጣት ፈለጉ፤ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገልጠው አላገኙም። ቅጣቱ እስኪገኝ ድረስ ከነጭ ድንጋዮቹ ውጭ ትቆይ ተብሎ ተወሰነ።

አንጓች ውሳኔውን ሰማች። "ጌታዬ፣ ከድንጋዮቹ ውጭ ድምፅ ይከለከላል?" ብላ ሽባባውን ጠየቀችው።

"ከዚያ ወዲያ ሕግ የለንም።"

"መልካም። እንግዲያው የምሄደው ከላይኛው መሻገሪያ በላይ ወዳለው ጉብታ ነው። ከዚያ ወንዙ እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ይታያል። ክረምት ሲመጣ ከዚያ ሆኜ እጣራለሁ። ድምፄን የሰማ ከደለሉ ይውጣ።"

ይህን ለሹሙ ብትነግረውም፣ የሰማው ግን ሜዳው ሁሉ ነው።

አንጓች በጉብታው ላይ ጎጆ ሠራች። ምግብ የሚያመጣላት ቢተው ነበር። በከተማው ደግሞ ሽባባው አዋጅ አወጣ፤ በወንዙ ደለል ላይ የሚሠራ ሁሉ የዚያች ሴት ድምፅ እንዳያረክሰው ጆሮውን በጥጥ ይድፈን ተባለ። ብዙዎቹ ታዘዙ። ሚስቶች በየማለዳው ለባሎቻቸው ጥጥ ያበጥሩ ጀመር። ጥቂቶች ግን አዳራሹ ፊት የሰሙትን ማሰብ አላቆሙም፤ ሹሙ ዞር ሲል ጥጡን አውጥተው ኪሳቸው ይከታሉ።

ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ፣ አንጓች ከጉብታው ላይ ሆና ወንዙ ሲጠቁር አየች። ተነሥታ ቆመች። ያን ቀን ጉሮሮዋ አልተዘጋም። "ጎርፍ" ብላ ተጣራች፤ ደግማም ተጣራች።

ድምፁ ላይኛው መሻገሪያ ላይ ለነበረው ለቢተው ደረሰው። ቢተው የቆመው ከነጭ ድንጋዮቹ ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ጠዋት ጠዋት በሸለቆው የተማረው ትምህርት ለዚህች ሰዓት እንደነበረ ያውቃል። ትንፋሹን ከሆዱ ሳበና "ጎርፍ፤ ውጡ" ብሎ ቁልቁል ለቀቀው። ደለሉ ላይ ሃያ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ጥጡን ያወጡት ቀና አሉ። የሰሙት ያልሰሙትን በእጃቸው እየጎተቱ ወደ ዳር ሮጡ፤ እግራቸው ድምፅ አውጥቶ ሲሮጡ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንዱ አዝመራው የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ከሁሉም ርቆ ከወንዙ ጥግ ላይ ስለነበር የሚደርስለት አልተገኘም። ሌላው ራሱ ሽባባው ነበር። ጥጡ በትክክል መደፈኑን ሊቆጣጠር ወደ ደለሉ ወርዶ፣ ምሳሌ ሊሆን የራሱንም ጆሮ ደፍኖ፣ ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብሏል።

አባ ዘርጋው በዚያ ሰሞን ወንዝ ዳር ፀሐይ መሞቅ ያዘወትሩ ነበር። ሰዎቹ እየተጋፉ ሲወጡ፣ ሳህኑ ላይ ያጎነበሰውን ሽባባውን አዩ፤ ከኋላው የሚመጣውንም ውሃ አዩ። በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። "ሽባባው" ብለው ተጣሩ። "ልጄ ሽባባው፣ ውጣ።" ሰባ ዓመት የተኛ ድምፅ ነበር፤ ተሰነጣጥቆ ወጣ።

ሽባባው አልሰማቸውም። የሳህኑ ውሃ ግን ተንቀጠቀጠ። ጥፋተኛውን ለማየት ቀና አለ፤ አባ ዘርጋው አፋቸውን ከፍተው፣ ክንዳቸውን ወደ ወንዙ ዘርግተው ቆመዋል። ዞሮ አየ። ሳህኑን ጥሎ ሮጠ። ውሃው እግሩን ሲይዘው፣ ከመሻገሪያው ሮጦ የወረደው ቢተው የአንጓችን ገመድ ወረወረለት።

አዝመራውን ግን ውሃው ወሰደው።

ጉባኤው ዐሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። ሽባባው ለምስክርነት ተጠርቶ እንዲህ አለ፦ "አንጓች የተጣራችው ከድንጋዮቹ ውጭ ነው፤ በእሷ ላይ ሕግ የለም። ቢተውና አባ ዘርጋው ግን ከድንጋዮቹ ወዲህ ጮኸዋል። ውሃው መንቀጥቀጡን በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ግን በነሱ ላይ ጠጠር አልዘረጋም። ሌላ የጆሮ ሹም ፈልጉ።"

ጉባኤው ሌላ ሹም ፈለገ፤ ፈቃደኛ አልተገኘም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ከዛሬ ጀምሮ ቃሉ ከነምክንያቱ ይነበብ ተባለ። ነጮቹ ድንጋዮች አልተነሡም። አገሩም በአንድ ቀን አልተለወጠም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው በሹክሹክታ የኖሩ ብዙዎች ናቸው፤ አንጓችም ማንንም ተናገር ብላ አላስገደደችም። ወደ ቤትሽ ተመለሽ ሲሏት ግን እንቢ አለች። በወንዙ ዳር ከላይ እስከ ታች ስድስት ማማ እንዲሠራ ጠየቀች። እንጨት የሚሰጣት ስታጣ ራሷ ቆረጠች፤ ቢተው ቆፈረ፤ ሽባባውም አንድ ቀን መጥቶ ሳይናገር ቋሚ መሸከም ጀመረ። ሦስቱ ማማዎች ሲቆሙ የቀሩትን ሕዝቡ ሠራቸው።

በተከታዩ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንዲት ሴት ወደ ጉብታው ወጣች። የአዝመራው ሚስት አትጠገብ ነበረች። ከሕግ አክባሪዎቹ ሁሉ የጠነከረች ነበረች፤ ባሏ ከሞተም በኋላ ድምፅ አውጥታ አታውቅም። አንጓች ገመድ እየገመደች ነበርና ቦታ ለቀቀችላት።

አትጠገብ ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብላ ተናገረች። "ያን ቀን ጥጡን ጆሮው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። በጣቴ ጠቅጥቄ። ለነፍሱ ብዬ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች አንጓች።

"ዝምታን አሁንም እወዳለሁ። ቤቴ ውስጥ ጮክ ብዬ መናገር አልፈልግም፤ ጸሎቴም በከንፈሬ ነው። እሱን እንድተው ከጠየቅሽኝ ተመልሼ እሄዳለሁ።"

"አልጠይቅሽም።"

"ግን አራተኛው ማማ ላይ ሰው ጎድሏል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

አንጓች ገመዷን አቁማ አየቻት። "ዓይንሽ ሩቅ ያያል?"

"ያያል።"

"ተጣሪ ስትባዪ ትጣሪያለሽ?"

አትጠገብ ወደ ወንዙ ተመለከተች። ደለሉ ላይ ሰዎች ጎንበስ ብለው ይሠራሉ፤ ፊታቸው አይለይም። በትንፋሽ ሳይሆን፣ ሻካራና አጭር በሆነ፣ ሁለቱንም ባስደነገጠ ድምፅ "እጣራለሁ" አለች።

"ደመናው ከደጋው እየወረደ ነው" አለች አንጓች እየተነሣች። "ነይ፣ ዛሬውኑ ትጀምሪያለሽ።"

ተያይዘው ወደ አራተኛው ማማ ወረዱ።